ተመላሽ ቦቢን

አሰጋሽ ሶኬቱን ነቀለችው።

ፕላዝማው ላይ የነበረችው ሴትዮ አፏን እንደከፈተች ጠፋች። ሃምሳ ስምንት ተማሪ በአንድ ድምፅ «ኧረ ቲቸር!» አለ። ግማሹ ደስ ብሎት፣ ግማሹ ደንግጦ ነው። ፕላዝማ በሥርጭት ሰዓት አይጠፋም፤ ይህ በየክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።

«ቲቸር፣ መብራቱ እኮ መጣ» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

«አይቻለሁ። ይምጣ። እኔ ገና አልጨረስኩም።»

ቀኑ ማክሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በዚያ ሰሞን ፈረቃው ራሱ ፈረቃውን አያከብርም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ በሳተላይት የሚተላለፈው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ሳተላይት ደግሞ አቃቂ ጨለመ ብሎ አይጠብቅም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመለስ ሴትዮዋ በፈጣን እንግሊዝኛዋ ትምህርቱን ጨርሳ «ለመልሱ ሁለት ደቂቃ አላችሁ» እያለች ነበር። ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ አሰጋሽ ከቦርሳዋ አራት ቦቢን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። ቦቢን ክር የሚጠመጠምበት የክንድ ያህል እንጨት ነው። ለዚህ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የግማሹ ተማሪ አባት ወይም አጎት በክር ፋብሪካው ሠርቷል።

«ሴሉ ፋብሪካ ነው እንበል» ብላ ነበር የጀመረችው፣ በአማርኛ። «ቆዳው ላይ እነዚህ ቦቢኖች ተሰክተዋል። መጽሐፉ ሪሴፕተር ይላቸዋል፤ ተቀባይ ማለት ነው። ኮሌስትሮል የተሸከመች ቅንጣት በደም ውስጥ ስታልፍ ቦቢኑ ይይዛታል። ክሩ ተጠመጠመ። ከዚያ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ እንደ ከረጢት ይቋጠራል፣ ይቆረጣል፣ ይገባል። ቦቢኑም ክሩም አብረው ገቡ። ቀጥሎስ?»

«ይሰባበራል!» አለ ክፍሉ። ፕላዝማው ከመጥፋቱ በፊት የታየው የመጨረሻ ሥዕል ላይሶዞም የሚባለው የሴሉ ማፍረሻ ነበር።

«ምኑ ነው የሚሰባበረው?»

ዓይናቸው ወደ ቦቢኖቹ ሄደ።

«እናንተ ፋብሪካ ብትሆኑ፣ ክሩን ከፈታችሁ በኋላ ቦቢኑን ቦይለር ውስጥ ትማግዱታላችሁ?»

«ምን ሲደረግ!» አለች ሰኪና። አባቷ ፋብሪካው በር ላይ ሱቅ አለው፤ እሷም አፏ የሱቅ ልጅ አፍ ነው። «ነገ በምን ሊፈትሉ ነው?»

መብራቱ የመጣው እዚህ ላይ ነበር። ሶኬቱ የተነቀለውም እዚህ ላይ።

«ከመፈራረሱ በፊት መለያ ክፍል አለ» አለች አሰጋሽ ወደ ሰሌዳው እየተመለሰች። «መለያ ክፍሉ ይኮመጥጣል። ሪሴፕተሩ ኮምጣጣ ሲነካው እጁ ይላላና ጭነቱን ይለቃል። ጭነቱ ወደ ላይሶዞም ወርዶ ይፈርሳል፤ ሴሉ ኮሌስትሮሉን ይጠቀምበታል። ባዶው ሪሴፕተር ግን በቀጭን ቱቦ ወደ ቆዳው ይመለሳል። ገብቶ እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅበት ነው። መብራት ሄዶ እስኪመጣ ድረስ አንዱ ሪሴፕተር ደርሶ ተመልሷል። እስኪያረጅ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይመላለሳል።»

«ክሩ አልለቅም ቢልስ?» ሰኪና ናት።

«እሱም አለ። ሴሉን እደግ፣ ተከፈል የሚል መልእክት የሚቀበሉ ሪሴፕተሮች አሉ። እነሱ ኮምጣጣው ውስጥም አይለቁም። እንደዚያ ያለው ምልክት ይለጠፍበትና ከነጭነቱ ላይሶዞም ይገባል። ባይጠፋ ሴሉ ቀኑን ሙሉ እደግ፣ እደግ ሲባል ይውላል። አንዳንዱ ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይመለሳል አላልኩም፤ ሁሉም ይቃጠላል ያለም ተሳስቷል። ይለያል ነው ያልኩት።»

ከዚያ አንዱን ቦቢን አንስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታችበት። ኳ አለ፤ ጥርት ያለ ድምፅ። ሌላውን መታች። ዷ አለ።

«የትኛው ነው የተሰነጠቀው?»

መልሱን ሃምሳ ስምንቱም ያውቁታል።

ይህን የማንኳኳት ነገር ያስተማራት አባቷ ነው። አቶ ሰቦቃ በክር ፋብሪካው የፈትል ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ቦቢን ለይቷል። ክሩ ተፈቶ ያለቀበት ቦቢን በሣጥን ይመጣለታል፤ አንድ በአንድ እያነሳ የብረት ጠርዝ ላይ ያንኳኳል፤ ኳ ያለው ወደ መፍተያው፣ ዷ ያለው ወደ ቦይለር። በቀን ስድስት ሺህ ቦቢን በእጁ ያልፋል። አሰጋሽ ምሳውን በፔርሙዝ ስታመጣለት አጠገቡ ቆማ ስትሰማ ነው ያደገችው። በዲፕሎማ ማስተማር ጀመረች፤ አምስት ክረምት አራት ኪሎ ተመላልሳ ዲግሪዋን ያዘች። በሦስተኛው ክረምት ስለ ሪሴፕተሮች መመላለስ የሚያወራ ምዕራፍ ደረሳት። አብረዋት የሚማሩት ሲሸመድዱት እሷ ሳቀች። ምን ያስቅሻል ስትባል «ይሄን እኮ አባቴ ይሠራው ነበር» አለች። ምዕራፉን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ አስጠረዘችው። ያ ጥራዝ ከቦርሳዋ አይለይም።

ጥር ላይ የሞዴል ፈተና መጣ። አንድ ፈተና ነው፣ ለአምስት ትምህርት ቤት፣ በአንድ የመልስ ቁልፍ የሚታረም። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሰኪና ወረቀቷን ይዛ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሠላሳ አራትን ሁላችንም ስተናል።»

«ሁላችሁም?»

«ሃምሳ ስምንታችንም። ሌላው ክፍል ሁሉ አግኝቷል። ለእኛ ለብቻችን ነው ያስተማርሽን እንዴ?»

አሰጋሽ ወረቀቱን ወሰደች። ጥያቄው ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ወደ ሴሉ ያስገባ ሪሴፕተር መጨረሻው ምን ይሆናል ይላል። ሲ፦ ጭነቱን ለቆ ወደ ሴሉ ገጽ ይመለሳል። ዲ፦ ከጭነቱ ጋር ላይሶዞም ውስጥ ይፈርሳል። ሰኪና ሲ ላይ አክብባለች። ቀይ እስክሪብቶ ሲን ሰርዞ ዲ ላይ ምልክት አድርጓል።

«ዋናው ፈተና ላይ ቢመጣ የትኛውን ላጥቁር?» አለች ሰኪና።

«ሲን አጥቁሪ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ይሄ እኮ ማኅተም አለው።»

«ማኅተሙ ሴል አይቶ አያውቅም። ሲን አጥቁሪ።»

ፈተናውን ያዘጋጀው እዚያው ትምህርት ቤት ያለ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ አሻግሬ ይባላል። የእሱና የእሷ ክፍል ግድግዳ ይጋራሉ። መምህራን ክበብ ውስጥ ሻይ ሲያማስል አገኘችው።

«አሻግሬ፣ ሠላሳ አራት ተሳስቷል።»

«የምን ሠላሳ አራት?»

«አትቀልድብኝ።»

«አሱ፣ በናትሽ። አምስት ትምህርት ቤት ታርሞ አልቋል። አንዲት ጥያቄ ናት።»

«አንዲት ከሆነች ማስተካከሉ ምን ያስቸግራል? ከየት አመጣኸው?»

«ከፕላዝማው! ቃል በቃል ነው። እኔ ከኪሴ አላወጣሁም።»

«እስከ ስንተኛው ደቂቃ?»

አሻግሬ ማማሰሉን ተወ።

«መብራት የሄደው የእኔ ክፍል ብቻ መሰለህ?» አለች። «በግድግዳው በኩል ተማሪዎችህ ሲዘፍኑ እሰማ ነበር። መለያ ክፍሉ የተነገረው በጨለማ ነው። አንተ ግማሹን አይተህ ነው ፈተና ያወጣኸው።»

ዙሪያውን ገልመጥ አደረገ። «ስሜ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ገብቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ቁልፉ ተሳስቷል ብዬ ክፍለ ከተማ ልሂድ? መብራት ሄዶብኝ ነበር ልበላቸው? መጽሐፍ አታነብም ወይ አይሉኝም?»

«አታነብም ወይ?»

«ሂጂ ወደዚያ!»

ሄደች። ሄዳም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈች፤ የጥራዟን ሁለት ገጽ አያይዛ። የአሻግሬን ስም አላነሳችም። ቁልፉ ይስተካከል፣ ሲ ያሉት ተማሪዎች ነጥባቸው ይመለስ፣ ሌሎቹም ትክክለኛውን ይወቁ አለች። ግማሽ ገጽ አይሞላም።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ደብዳቤ ሆኖ ግን አይደለም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈቀደ ቢሮው አስጠርቶ አንድ ቅጽ ከፊቷ አኖረ።

«አርብ ዘጠኝ ሰዓት ግምገማ አለብሽ። ቀድመሽ ይሄን ብትፈርሚ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።»

ቅጹ አስቀድሞ ተሞልቷል። በሥርጭት ሰዓት ፕላዝማ አጥፍታለች፤ ከጸደቀው መልስ የተለየ አስተምራለች፤ ስህተቷን ተቀብላለች፤ ሰኞ ክፍል ገብታ ለተማሪዎቿ ትክክለኛው መልስ ዲ መሆኑን ታሳውቃለች።

«አቶ ፈቀደ፣ ትክክል እኮ አይደለም።»

«እሱን እኔ ምን አውቄ? የታሪክ መምህር ነኝ።»

«ታዲያ ምኔን ነው የምትገመግሙት?»

«አሰጋሽ፣ ልጅ አትሁኚ። ክፍል ገብተሽ አንድ ፊደል ትናገሪያለሽ፣ ትወጫለሽ። ካልሆነ እዚህ አትቆዪም። እኔም ላድንሽ አልችልም።»

ቅጹን አጣጥፋ ጥራዟ ውስጥ ከተተችው።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው አቶ ሰቦቃ ከፋብሪካው ኋላ ባለችው የቀበሌ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ አንድ ጆንያ ቦቢን አለ፤ ከሥራ ሲወጣ ይዞት የወጣው ንብረት ይኸው ነው። ቅጹን አነበበችለት። ሁለቴ አስነበባትና በጣቱ አንጓ ትከሻዋን አንኳኳ።

«ደህና ነሽ። ስንጥቅ የለብሽም።»

«አባባ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ የቀልዴን መሰለሽ? በሰማንያ ስምንት የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ እኛንም ወረቀት አስፈረሙን። በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ ይላል። ፈቃዴ የት እንደነበረ እንጃ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው በአንድ ከሰዓት ፈረመ።»

«ለምን ፈረምክ?»

«ከፊቴ ያለው ፈረመ፤ ተራዬ ደረሰ፤ ፈረምኩ።» ከጆንያው አንድ ቦቢን አውጥቶ አገላበጠው። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ እንጨት እንኳ ሳላንኳኳ እሳት ውስጥ አልጣልኩም። እኔን ግን ማንም አላንኳኳኝም። ስንጥቅ ይኑረኝ አይኑረኝ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ በኋላ በድዬአለሁ ብዬ ራሴን የተቆጣሁት በመባረሬ አይደለም። በፊርማዬ ነው። ወረቀቱ ይኸው እስከ ዛሬ በፈቃዱ ነው የሄደው ይላል።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የተማርሽው አንቺ። ይመለሳል አላልሽም እንዴ?»

«ይመለሳል።»

«ይመለሳላ።» ቦቢኑን ሰጣት። «ይሄን ጨምሪበት፤ ድምፁ ሩቅ ይሰማል።»

ግምገማው የተደረገው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ መምህር ተቀምጧል። ከክፍለ ከተማው የመጣችው ሱፐርቫይዘር ወይዘሮ ጠጄ ከአቶ ፈቀደ ጎን ተሰይማለች። ቃለ ጉባኤ ያዡ አሻግሬ ነው። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ተነሥቶ የተገምጋሚዋን ጠንካራና ደካማ ጎን ይናገራል። የሒሳቡ መምህር ሰዓት ታከብራለች፣ ነገር ግን ግትር ናት አለ። የአማርኛዋ መምህርት ተማሪ ትወዳለች፣ ነገር ግን ምክር አትሰማም አለች። የስፖርቱ መምህር ሁንዴ ተነሣ።

«ጠንካራ ጎኗ፣ ያስተማረችውን ተማሪዎቿ አይረሱም። ሃምሳ ስምንቱም አንድ ዓይነት ስሕተት የተሳሳቱት ለዚህ ነው። ደካማ ጎኗ፣ ሻይ አትጋብዝም።»

ሳቁ እስኪበርድ ወይዘሮ ጠጄ ጠበቀች።

«መምህርት አሰጋሽ፣ ሶኬቱን ነቅለሻል ወይስ አልነቀልሽም?»

«ነቅያለሁ።»

«ለምን?»

«ወይዘሮ ጠጄ፣ ኅዳር ስምንት መብራት ሄዶ ነበር። ግማሹ ትምህርት በጨለማ አለፈ። ያለፈውን እኔ ማስተማር ነበረብኝ፤ ሴትዮዋ ደግሞ እላዬ ላይ እየጮኸች ነበር።»

«ይሄ መድረክ የመብራት ኃይል አይደለም። የተነሣው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው።»

«እሺ፣ ዲሲፕሊኑን ተቀብያለሁ እንበል። ሪሴፕተሩስ?»

«የጸደቀው መልስ ዲ ነው።»

አሰጋሽ ጥራዟን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ገፋችው። ወይዘሮ ጠጄ አላነሳችውም። ሽፋኑን በዓይኗ ብቻ ለካችው።

«ይሄ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ?»

«ሴሉ ውስጥ አለ። የእርስዎም፣ የእኔም።»

«አሰጋሽ!» አለ አቶ ፈቀደ።

«አንድ ሰው ልጠይቅ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። አሻግሬ፣ እዚህ ያለነው ባዮሎጂ የምናስተምር ሁለት ነን። ጭነቱን የለቀቀው ሪሴፕተር ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

አሻግሬ ከመዝገቡ ቀና አላለም።

«እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ» አለ። «አስተያየት አልሰጥም።»

«ጥሩ። ያዥ ከሆንክ ያዝልኝ። ጻፍ።» ቆም እያለች፣ ለተማሪ ማስታወሻ እንደምታስጽፈው አስጻፈችው። «አሰጋሽ ሰቦቃ እንዳለችው፣ ሶኬቱን ነቅያለሁ። ያልጨረስኩት ትምህርት ካለ ነገም እነቅላለሁ። ሪሴፕተሩ ይመለሳል። ተማሪዎቼ ትክክል ናቸው።»

እስክሪብቶው ቆመ። አሻግሬ ወደ ወይዘሮ ጠጄ አየ።

«ጻፈው» አለች ወይዘሮ ጠጄ። «በራሷ ላይ ነው የምታስጽፈው።»

ጻፈ። አሰጋሽ አንብባው ሥሩ ፈረመች። ቅጹን ግን ሳትፈርምበት ለአቶ ፈቀደ መለሰችለት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ፈቀደና ወይዘሮ ጠጄ ከተማሪዎቹ ቀድመው ክፍል ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጨረሻ ዕድል መሆኑ ነው። ፕላዝማው በሣጥኑ ውስጥ ተቆልፏል፤ ሥርጭት አልነበረም።

አሰጋሽ ሰሌዳው ላይ 34 ብላ ጻፈች።

«ስለዚህች ጥያቄ የማሳውቃችሁ ነገር እንዳለ ተነግሮኛል» አለች። «የመልሱ ቁልፍ ዲ ይላል። ያረመውም ሰው በቁልፉ ነው ያረመው፤ ሥራው ነው። እኔ ደግሞ የእኔን ልሥራ። ሰኪና፣ ተነሺ። ሪሴፕተሩ ገባ። ቀጥዪ።»

ሰኪና ተነሣች። ወደ ኋላ አንዴ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ እንደ ሱቅ ሒሳብ ቶሎ ቶሎ ዘረገፈችው። «ከረጢት ሆኖ ይገባል። መለያ ክፍል ይደርሳል። ይኮመጥጣል። እጁ ላልቶ ጭነቱን ይለቃል። ጭነቱ ላይሶዞም ይወርዳል። ባዶው ወደ ቆዳው ይመለሳል። አልለቅም ያለው ምልክት ተለጥፎበት ይፈርሳል። ይሄኛው ግን የሚለቀው ዓይነት ነው። ስለዚህ ሲ።»

«ስለዚህ ሲ» አለች አሰጋሽ። ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ሁለቴ አሰመረችበት። «ዋናው ፈተና ላይ ቢመጣ ይሄን ታጠቁራላችሁ። ዲ ናት ያላችሁ ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። እኔንም ከየት አመጣሽው ብላችሁ ጠይቁኝ፤ ገጹን አሳያችኋለሁ።»

ወይዘሮ ጠጄ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አቶ ፈቀደ ግን ወዲያው አልተነሣም። ቦቢኖቹ እንደ ወትሮው በየወንበሩ እየዞሩ ነበርና አንዱ እሱ ጋ ደርሷል። ያ አዲሱ፣ አባቷ የሰጣት ነው። አቶ ፈቀደም የአቃቂ ልጅ ነው፤ እጁ ሳያስበው የወንበሩን ጠርዝ መታበት።

ኳ!

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ፈቀደ ፊቱ ቀላ፤ ቦቢኑን በኮቱ ኪስ ከቶ ወጣ። ግማሹ ከኪሱ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን አሰጋሽ ወደ ቱሉ ዲምቱ ግድም ወዳለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ተሰጣት። በ2003ቱ የሞዴል ፈተና ያው የሪሴፕተሩ ጥያቄ በተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ተደገመ። ፈተናውን ያዘጋጀው ምክትል ርዕሰ መምህር አሻግሬ ነው። ቁልፉ ሲ ይላል።